በቁስቋም ጥላ ሥር፤ የእቴጌ ምንትዋብ ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በእኛ በወጣቶች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ የዐጸዱ ዛፍና አበባ፣ የግድግዳውና የበሩ ጌጥ ምን ይጠቅማል? ጸሎት ባልተጌጠ ቤትስ አይደርስምን? ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ለድኻ ቢሰጥ አይሻልምን? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሆኖም መልሱን በክርክር ከመፈለግ ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ብንመለከተው ይበልጥ ይገባናል ብለን ስላሰብን የእቴጌ ምንትዋብን ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን። እኚህ ንግሥት በደስታቸው ዘመን ያማረ ነገር ሠርተው፣ በኀዘናቸው ዘመን በሠሩት ነገር ሥር የተጠለሉ ናቸው።

ልደታቸውና ዘውዳቸው

እቴጌ ምንትዋብ የተወለዱት በ1690ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግድም በቋራ ነው። አባታቸው የደምቢያው ደጃዝማች መንበር፣ እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባላሉ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ምንትዋብ የሚለው ስም ምንኛ ውብ ናት እንደ ማለት ስለሆነ የመልካቸውን ማማር ያስታውሳል። ኋላ ሲነግሡ የተሰጣቸው ስመ መንግሥት ብርሃን ሞገሳ ነበር።

ወደ ቤተ መንግሥት ስለ ገቡበት ሁኔታ ሲነገር የቆየ ታሪክ አለ። አፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው በየአገሩ እየዞሩ የሕዝቡን ኑሮ የመመልከት ልማድ ነበራቸው። አንድ ጊዜ ወደ ቋራ በወረዱ ጊዜ ንዳድ ያዛቸው። ያረፉበት ቤት ልጅ ማንነታቸውን ሳታውቅ በትዕግሥት አስታመመቻቸው። ንጉሡም ድነው ጎንደር ከገቡ በኋላ ያችን ልጅ አስመጥተው አገቡ ይባላል። እንግዲህ በዚህ ታሪክ መሠረት የምንትዋብ የንግሥትነት መንገድ የተጀመረው በሽተኛን በማስታመም ነው። ይህን ነገር በልባችን እንያዘው።

አፄ በካፋ በመስከረም ወር 1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። እናቲቱ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር በአንድነት ነገሡ። በዚያ ዘመን ሴት ከንጉሥ ጋር ዘውድ ጭና አገር ማስተዳደሯ የተለመደ አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1725 ዓ.ም.፣ ዐመፀኞች ተነሥተው እናትና ልጅን በጎንደር ቤተ መንግሥት ውስጥ ከበቧቸው። ከውጭ ደራሽ ጦር እስኪመጣ ድረስ ጸንተው ቆዩ፤ ከበባውም ተሰበረ። ከዚያ በኋላ መንግሥታቸው ረጋ። እቴጌይቱም የዕረፍቱን ዘመን ለግንብና ለሥዕል አዋሉት።

የስደተኛዋ እናት ደብር

በፋሲል ግቢ ውስጥ እስከ ዛሬ የምንትዋብ ግንብ እየተባለ የሚጠራ ሕንጻ አለ። ከሥራቸው ሁሉ የላቀው ግን ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከተራራው ግርጌ ያሠሩት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ1732 ዓ.ም. ግድም ተፈጽሞ ቅዳሴ ቤቱ ተከበረ። ከአጠገቡ የእቴጌይቱ መኖሪያና የግብር አዳራሽ ተሠራ፤ ዙሪያውን በግንብ አጥር ተከበበ። በግድግዳው ላይ ከቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች በጥቁሩ ግንብ ላይ ጎልተው ይታያሉ። ለካህናቱና ለደብተሮቹ መተዳደሪያ የሚሆን ርስትና ጉልትም ተሰጠ።

የደብሩን ስም ልብ እንበል። ቁስቋም በላይኛው ግብፅ በአስዩጥ አካባቢ የሚገኝ ተራራ ነው። እመቤታችን ሕፃኑን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሰይፍ ስትሸሽ፣ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ብዙ አገር ከዞረች በኋላ ያረፈችው በዚያ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። እቴጌይቱ በሥልጣናቸው ጫፍ ላይ በነበሩበት ሰዓት ለደብራቸው የመረጡት ስም የድል ስም ሳይሆን ልጇን አቅፋ የተሰደደች እናት ማረፊያ ስም ነበር። እርሳቸውም ቢሆኑ ከጥቂት ዓመታት በፊት ትንሽ ልጅ ይዘው በጠላት ተከበው እንደነበር ስናስታውስ የስሙ ምርጫ ይበልጥ ይገባናል።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ስደት የምታስበው በአበባ ነው። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ወራት ወርኃ ጽጌ፣ የአበባ ወራት ይባላል። ክረምቱ አልፎ፣ ሜዳው ቢጫ ለብሶ፣ ሰማዩ ሲጠራ ሊቃውንቱ በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማሉ። በኅዳር 6 ቀንም የቁስቋም በዓል ይከበራል። ከጥማት፣ ከድካምና ከፍርሃት ሁሉ የከበደውን የእናትና የልጅ ጉዞ አባቶቻችን ከአበባ ጋር አያይዘው እንድናስበው ማድረጋቸው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። አበባው ኀዘኑን አይሸፍነውም፤ ኀዘኑ ግን አበባ ባለበት ቦታ ይነገራል።

የቤተ ክርስቲያንን ግቢ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ብለን የምንጠራውም ያለ ነገር አይደለም። በግእዝ ዐጸድ የሚለው ቃል የታጠረ የአትክልት ቦታንም ያመለክታል፤ ዐጸደ ወይን ስንል የወይን አትክልት ቦታ ማለታችን ነውና። በጎንደርና በጎጃም ገጠር የሚጓዝ ሰው በታረሰው መሬት መካከል ጥድና ወይራ፣ ዋንዛና ግራር ተሰብስበው ሲያይ ጉልላቱ ሳይታየው ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ያውቃል። ዛፉ ተቆርጦ ባለቀበት አገር እንኳ የቀድሞው ደን በዐጸዱ ውስጥ ተጠብቆ ቀርቷል። የደከመው መንገደኛ፣ ልጅዋ የሞተባት እናት፣ የቆሎ ተማሪው ሁሉ በዚያ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ማንም ለምን መጣህ አይላቸውም።

በቀለም የተጻፈ መጽሐፍ

የእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በሥዕል ታሪካችን ትልቅ ስፍራ አለው። የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ሁለተኛው የጎንደር የአሣሣል ስልት የሚሉት ያበበው በእርሳቸውና በልጃቸው በዳግማዊ አፄ ኢያሱ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሠዓሊዎች ጠንካራ መስመር እየሠመሩ ደማቅ ቀለም ይሞሉ ነበር። የምንትዋብ ዘመን ሠዓሊዎች ግን የፊትን ቅርጽ በጥላ እያለሰለሱ አወጡ። የልብሱን እጥፋትና የጥለቱን አበባ በጥንቃቄ ሣሉ። ከምስሉ በስተ ኋላ ያለውንም ቦታ ከቢጫ ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ እንዲሄድ አደረጉት።

በጎንደር ዘመን ከውጭ አገር የታተሙ መጻሕፍት ወደ ሀገራችን ይገቡ ነበር። ከእነዚህም አንዱ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሮም የታተመ ባለሥዕል የዓረብኛ ወንጌል ነው። በዚያ መጽሐፍ ያሉት ሥዕሎች በጥቁር ቀለም ብቻ የታተሙ ናቸው። የጎንደር ሠዓሊዎች አቀማመጡን ከዚያ ወስደው ቀለሙን፣ የፊቱን መልክና ዐይኑን ከራሳቸው ሰጡት። እንግዳውን ነገር ተቀብለው የቤት ልጅ አደረጉት ማለት ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነበር። ሠዓሊው በነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ከሣለ በኋላ ጨርቁ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በሙጫ ይለጠፋል። ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን መካከል መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆማል፤ ሕዝቡ በዙሪያው ሲቆም በአራቱም ግድግዳ ላይ ታሪኩን ያነባል። በበሮቹ መዝጊያ ላይ መላእክት ሰይፋቸውን መዘው ይጠብቃሉ። ቅዱሳኑ ሙሉ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዐይን ይመለከቱናል፤ ክፉዎች ግን ብዙውን ጊዜ በጎን ተሥለው አንድ ዐይናቸው ብቻ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ሆነ ሕፃን ይህን መጽሐፍ ሊያነበው ይችላል። በግብር አዳራሽ የሚገባው የተጠራ ብቻ ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ፊት ግን ባዶ እግሩን የመጣውም ከመኳንንቱ ጋር እኩል ይቆማል።

እቴጌይቱ በጣና ሐይቅ ላይ፣ በደቅ ደሴት አጠገብ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። ቦታው በታንኳ የሚደረስበት፣ ዙሪያው ውኃና ዛፍ የሆነ ጸጥተኛ ስፍራ ነው። በናርጋ መቅደስ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከተሣለችበት ሥዕል ሥር የእቴጌ ምንትዋብ ምስል አለ። ዘውድ የጫኑት፣ ጦር ያዘዙት ንግሥት በምድር ላይ ተደፍተው፣ ከእናትና ልጅ እግር ሥር ሆነው ይታያሉ። ሠዓሊው ያማረውን ልብሳቸውን አልተወም፤ ቦታቸውን ግን ከታች አደረገው። የናርጋን ደጅ ለሚረግጥ ሁሉ የንግሥቲቱ መታሰቢያ ሆኖ የቆየው ይህ አቀማመጥ ነው።

ሥዕልም ይማረካል

ነገር ግን ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ውበት ሁሉን ነገር የሚያድን አድርገን እንዳናስብ የዚያው ዘመን ታሪክ ያስጠነቅቀናል። አፄ ኢያሱ አደንንና የቤተ መንግሥት ጌጥን ይወዱ ነበር። ከውጭ በመጡ የእጅ ባለሙያዎች እልፍኛቸውን በመስተዋትና በዝሆን ጥርስ አስጌጡ። ሕዝቡ ግን አገሩን ትተው በጌጥ ተጠመዱ ብሎ አማቸው፤ ታላቁን አያታቸውን ቀዳማዊ ኢያሱን እያስታወሰም ትንሹ ኢያሱ አላቸው። በ1736 ዓ.ም. ወደ ስናር ዘመቱ፤ ጦራቸውም ክፉኛ ተሸነፈ።

በዚያ ዘመቻ ጦሩ ይዞት የሄደው ኩርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል ተማረከ። ይህ ሥዕል ጌታችንን የእሾኽ አክሊል ደፍቶ የሚያሳይ ሲሆን ነገሥታቱ በዘመቻ ሁሉ ይዘውት የሚወጡ፣ መኳንንቱም በፊቱ የሚምሉበት ነበር። ከግማደ መስቀሉ ጋር በጠላት እጅ መውደቁ በጎንደር ትልቅ ሐዘን ሆነ። ኋላ ብዙ ወርቅ ተከፍሎበት ተመለሰ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ደግሞ ከዚያ ተወስዶ ባሕር ተሻገረ፤ በሩቅ አገርም ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ።

ከዚህ የምንማረው አለ። ሥዕሉ በጦር ሜዳ ድል ይሰጣል ተብሎ ተወሰደ፤ ድል አልሰጠም። የእሾኽ አክሊል የደፋው ጌታ በሥዕሉም የተሸናፊዎችን ዕጣ ተካፍሎ ተማረከ። ሕዝቡ ግን ድል አላመጣልንም ብሎ አልጣለውም፤ ያለውን ሰጥቶ መልሶ ገዛው። ሥዕልን ለጥቅሙ ብቻ የሚፈልግ ሰው እንዲህ አያደርግም።

የኀዘን ዘመን

አፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. አረፉ። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በሕፃንነቱ ነገሠ፤ እቴጌይቱም እንደገና የሕፃን ንጉሥ ሞግዚት ሆኑ። በዚህን ጊዜ ግን ነገሩ እንደ ቀድሞው አልሆነም። የኢዮአስ እናት የወሎ ኦሮሞ ባላባት ልጅ ስለነበሩ የእርሳቸው ዘመዶችና የእቴጌይቱ የቋራ ዘመዶች በሥልጣን ተፎካከሩ። እቴጌይቱ ጠቡን ያበርድልኛል ብለው የትግራዩን ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑልን ወደ ጎንደር ጠሩ። ይህ በሕይወታቸው ውስጥ ከባድ ዋጋ ያስከፈላቸው ውሳኔ ሆነ። ራስ ሚካኤል ሥልጣኑን ሁሉ በእጃቸው ካደረጉ በኋላ በ1761 ዓ.ም. ወጣቱን ንጉሥ ኢዮአስን አስገደሉት። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ዘመነ መሳፍንት ገባ።

ባላቸውን፣ ልጃቸውን፣ በመጨረሻም የልጅ ልጃቸውን የቀበሩት እቴጌ ወደ ቁስቋም ገቡ። ከዚያ ወዲህ በጎንደር ቤተ መንግሥት ለመኖር አልወደዱም ይባላል። እነሆ ከ30 ዓመት በፊት ለስደተኛዋ እናት ያሠሩት ማረፊያ አሁን የራሳቸው ማረፊያ ሆነ። ልጇን ከገዳይ ንጉሥ ለማዳን የሸሸችውን እናት በየዓመቱ በአበባ ወራት የሚያስበው ማኅሌት፣ የራሷን ልጅ ልጅ ማዳን ላልቻለች አያት ተሰማ። አበባውም ሆነ ማኅሌቱ የሞተውን አልመለሰላቸውም። ነገር ግን ኀዘናቸውን ብቻቸውን እንዳይሸከሙት አደረገ፤ ከእርሳቸው በፊት ያለፈችበት እናት በፊታቸው ነበረችና።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ እቴጌይቱን በቁስቋም አገኛቸው። በዚያ ጊዜ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና በቁስቋም ግቢ የታመሙትን የቤተሰቡን ልጆች እንዲያክም ተጠየቀ፤ እርሱም በዚያው ተቀምጦ አስታመማቸው። በቋራ በሽተኛን በማስታመም ተጀመረ የተባለው ሕይወት በእርጅናም ጊዜ በሽተኞች በሚታከሙበት ግቢ ውስጥ ተገኘ።

ይኸው ብሩስ የጻፈው አንድ ሌላ ነገር አለ። እቴጌይቱ የነገሥታት እናት ሆነው ብዙ ዘመን የገዙ ቢሆኑም ምኞታቸው ሌላ እንደነበር ነገሩት። ወደ ኢየሩሳሌም ቢደርሱ፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ምጽዋት እየለመኑ ቀሪ ዘመናቸውን ቢፈጽሙ ደስታቸው እንደሆነ ገለጡለት። ይህን የተናገሩት በገዛ ግንባቸው ውስጥ ተቀምጠው ነው። እንግዲህ በዙሪያቸው የነበረው ውበት ልባቸውን በግንቡ ላይ አላሰረውም፤ ከግንቡ አሻግሮ ወደሚበልጠው ነገር መራው። በናርጋ ሥዕል በእመቤታችን እግር ሥር የተደፉት ሴት በእውነትም እርሳቸው እንደነበሩ በዚህ እናውቃለን።

እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በወደዱትም በቁስቋም ተቀበሩ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አብሮ ተቃጠለ። የግብር አዳራሹና መኖሪያው ዛሬ ጣሪያ የሌለው ፍርስራሽ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን እንደገና ተሠርቶ ይቀደስበታል፤ የእቴጌይቱ፣ የአፄ ኢያሱና የአፄ ኢዮአስ ዐፅም በዚያ ተጠብቋል። በ1972 ዓ.ም. የፋሲል ግቢና ቁስቋምን ጨምሮ ሌሎች የጎንደር ቅርሶች በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ፣ የእኚህ እናት ሥራ የዓለም ሁሉ ሀብት ሆነ።

ለእኛ ምን ይለናል?

በመጀመሪያ ወደ ጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። ያማረው ነገር ሁሉ ከሰማይ አልወረደም። ግንቡ የተሠራው በባለ እጆች ላብ ነው፤ ካህናቱ የሚተዳደሩበትም ጉልት የገበሬው ግብር ነበር። ስለዚህ ድኻውን ረስቶ ግድግዳ የሚያስጌጥ ሰው የእቴጌይቱን ታሪክ ምክንያት ሊያደርግ አይገባውም። በሌላ በኩል ደግሞ ድኻው እንጀራ ብቻ የሚያስፈልገው ይመስል ውበትን ከእርሱ መንፈግም በደል ነው። ቤቱ ጠባብና ጨለማ የሆነበት ሰው ቀለም የሚያይበት፣ ጥላ የሚያገኝበት፣ ማንም ሳያስወጣው የሚያለቅስበት ቦታ ያስፈልገዋል። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት ይህን ቦታ ያለ ክፍያ ስትሰጥ ኖራለች።

እኛ ወጣቶች ግንብ ለመሥራት አቅም የለን ይሆናል። የተሠራውን መጠበቅ ግን እንችላለን። በጥንታዊ ሥዕል ላይ ስም አንጻፍ፤ ሌላው ሲጽፍም ዝም አንበል። ሻማና ጧፍ ከሥዕሉ ራቅ ብሎ እንዲበራ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ በጊዜ እንዲደፈን ሽማግሌዎቹን እናሳስብ። ያረጀውን ሥዕል አውርዶ በታተመ ወረቀት ለመተካት የሚቸኩል ቢኖር በትሕትና እንጠይቀው። በየደብራችን ያሉት ሥዕሎች ምን ታሪክ እንደሚናገሩ አባቶችን ጠይቀን እንወቅ፤ ለታናናሾቻችንም ግድግዳውን እያሳየን እናንብብላቸው። በዐጸዱ ውስጥ አንድ ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር ሁለት እንትከል፤ የተከልነውንም በበጋ ውኃ እናጠጣ።

ዛሬ የምንተክለው ዛፍ ጥላው ለማን እንደሚሆን አናውቅም። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን ባሠሩ ጊዜ ዘውዳቸው የጸና፣ ልጃቸውም በሕይወት ያለ ነበር። የኀዘናቸው ቀን ሲመጣ ግን ማረፊያው ተሠርቶ ቆያቸው። እኛም በደኅናው ቀን ለእግዚአብሔር ቤት የምናደርገው ትንሽ ነገር በክፉ ቀን ለራሳችን ወይም ለማናውቀው ኀዘንተኛ መጠለያ ይሆናል።

የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።